በተራ የምንዋጋባቸው የታሪክ ጌሞች፦ የትኛውን ልጀምር ለምትሉ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ከአራት ኪሎ ፒያሳ መጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ወስዶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ላፕቶፑ ስላሽ ነው፤ ግን በደንብ የተያዘ። ያዘዝነው ማኪያቶ ሳይደርስ ጥያቄውን አወጣ። «ጋሼ፣ የኳስ ጌም ሰለቸኝ። ታሪክ ያለው፣ ረጋ ብዬ እያሰብኩ የምጫወተው ነገር ምረጥልኝ።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ያሉ ጌሞችን መጫወት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ስለነሱ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙም የለም። በየሰፈሩ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ጆይስቲክ የያዘው ሁሉ ኳስ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ለሱ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው። እንደሱ ግራ የገባው ሌላም ይኖራል።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ዘመኑና ቦታው ከታሪክ የተቀዳ ነው። እናንተ የአንድን ሰው ሚና ትይዛላችሁ። ያ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ማንን እንደሚምር፣ ከማን ጋር እንደሚታረቅ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ውጊያ ሲመጣ ደግሞ ሜዳው እንደ ሰንጠረዥ ገበታ ይከፋፈላል። እናንተ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ ከዚያ ጠላት ይንቀሳቀሳል። ተራችሁ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አያጣድፋችሁም።

ሰንጠረዥን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። የኛ የጥንቱ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይሆናል። አባቶቻችን ሁለቱንም ዓይነት ጨዋታ በአንድ ገበታ ላይ አድርገውታል። ከዛሬዎቹ የጦርነት ጌሞች ግን አብዛኞቹ ወይ ወረራውን ብቻ ይዘዋል፣ ወይ ተራውን ብቻ። እጅ የሚያፈጥኑበት አለ፤ ቁጭ ብለው የሚያስቡበት አለ። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

መለኪያዬ ስንቅ ነው

ሰው ጌም ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው የሥዕሉን ጥራት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ውጊያው ካለቀ በኋላ ማታ ላይ ምን ይሆናል? የቆሰለውን ማን ያክማል? ነገ ምን ይበላል? ጌሙ ይህንን ካልጠየቀኝ ሰዎቼ የገበታ ጠጠር ሆነው ይቀራሉ። ከጠየቀኝ ግን ስማቸውን ሳልፈልግ አጠናለሁ።

ለልጁ ይህንን ስነግረው ከተቀመጥንበት ቦታ የአድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። ከፊታችን ያለውን ምሳሌ ትቼ ሌላ አልፈለግሁም። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የነበረው የጣልያን ምሽግ ፊት ለፊት ሲገጥሙት አልበገር አለ። እቴጌ ጣይቱ ያዩት ውሃውን ነው። የምሽጉ ውሃ ተያዘ፤ ሻለቃ ጋሊያኖና ወታደሮቹም በጥም ተጨንቀው ምሽጉን ለቀው ወጡ። ከአንድ ወር በኋላ በአድዋ ዋዜማም የሁለቱም ወገን ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ስለ ጎራዴውና ስለ መድፉ በደንብ ተምረናል። ጦርነቱን ግን ሽሮና ውሃም ወስነውታል። ጥሩ የታሪክ ጌም ይህንን በእጃችሁ ያስነካችኋል።

በዚህ መለኪያ ነው እንግዲህ የማወዳድራቸው።

ሦስቱ ወንድማማቾች

በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው «ኤክስፔዲሽንስ» የሚባለው ቤተሰብ ነው። ሎጂክ አርቲስትስ የሚባል የዴንማርክ ስቱዲዮ ነው የሠራው። ሦስት ናቸው፦ «ኮንኪስታዶር» እ.ኤ.አ. በ2013፣ «ቫይኪንግ» በ2017፣ «ሮም» በጥር 2022 ወጡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪካቸው አይያያዝም፤ ከፈለጋችሁት መጀመር ትችላላችሁ። ሦስቱም በፒሲ የሚጫወቱ ናቸው።

ኮንኪስታዶር የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ አሜሪካ የዘመቱበትን ጊዜ ይዞ ይነሳል። በሂስፓኒዮላ ደሴት ትጀምራላችሁ፣ ኋላ ወደ ሜክሲኮ ትሻገራላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት አሥር ተከታዮች ትመርጣላችሁ። ወታደር አለ፣ አዳኝ አለ፣ ቃፊር አለ፣ ምሁር አለ፣ ሐኪም አለ። እያንዳንዱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ አጥባቂ አማኝ ነው፣ አንዱ ስግብግብ ነው፣ ሌላዋ ለባዕድ ሕዝብ ልቧ ክፍት ነው። አንድ ውሳኔ በወሰናችሁ ቁጥር የአንዱ ሞራል ከፍ ይላል፣ የሌላው ይወርዳል። አንዱን መንደር ማሩትና ስግብግቡ ያኮርፋል። ዝረፉትና ያቺ ልበ ክፍቷ ፊቷን ታዞራለች።

ማታ ሲሆን ካምፕ ይተከላል። ጌሙ ያለው እዚህ ነው። ማን ያድናል? ማን ይጠብቃል? ማን ቅኝት ይወጣል? ማን ቁስለኛውን ያያል? ለአንድ ሰው ሁለት ሥራ መስጠት አይቻልም። ጥበቃውን ስታበዙ አደኑ ይቀንሳል፤ ለአደን ብዙ ሰው ስትልኩ ሌሊት ሌባ ይመጣል። የቆሰለ ሰው መድኃኒት ካላገኘ ቁስሉ ይብስበታል፣ ይሞታልም። የሞተው አይመለስም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት ሁለት ሐኪም ይበዛል ብዬ አንድ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሜክሲኮ ሳልደርስ አራት ሰው ቀበርኩ።

ስለ ኮንኪስታዶር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የያዛችሁት ሚና የወራሪ ሚና ነው። የአድዋ ልጆች ሆነን በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብዳል፤ እኔን ከብዶኛል። ጌሙ ግን ክፉ እንድትሆኑ አያስገድዳችሁም። በአዝቴኮችና በትላሽካላ ሰዎች መካከል ያለውን ጠብ እንዴት እንደምትገቡበት የናንተ ምርጫ ነው። ቃላችሁን መጠበቅ ትችላላችሁ፤ ማፍረስም ትችላላችሁ። እውነተኛው ታሪክም ያንን ጠብ ይዞ ነው የሄደው። የስፔኑ ዘማች ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲደርስ ትላሽካላዎች ከጎኑ ባይቆሙ ኖሮ በ1521 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን መጣል አይሆንለትም ነበር። ወራሪ ከውስጥ ጠብ ላይ ቆሞ እንደሚገባ ጌሙ በግልጽ ያሳያል። እኛ አገርም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ነው ልጁ እንዲጫወተው የፈለግሁት።

ጉድለቱ ሥዕሉ ነው። አርጅቷል። ድምፅም ብዙ የለውም፤ ንግግሩ ሁሉ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ማንበብ ለማይወድ ሰው ይሰለቻል።

ቫይኪንግ ሲጀምር አባታችሁ ሞቷል። የዴንማርክ ትንሽ ጎሳ አለቃ ሆናችኋል። ጎሳው ደሃ ነው፣ ጎረቤቱ ዓይኑን ጥሎበታል። መንደሩን አጠናክራችሁ፣ መርከብ አዘጋጅታችሁ ወደ ብሪታንያ ትሻገራላችሁ። ዘመኑ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው፤ ቫይኪንጎች በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም የዘረፉበት ዘመን ማለት ነው። እዚያ ስትደርሱ ከኖርዘምብሪያ ጋር ትሆናላችሁ ወይስ ከፒክቶች ጋር? ትነግዳላችሁ ወይስ ትዘርፋላችሁ?

የስንቁ ነገር እዚህ ይበልጥ ዝርዝር ነው። የታደነው ሥጋ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሥጋ ማድረቅ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ሌሊቱ በፈረቃ ይከፈላል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ይደክማል። የጊዜ ገደብም አለ። ቀኑ ይቆጠራል። መንደር ለመንደር ስትዞሩ መንደራችሁ ሳይጠነክር ቀኑ ይደርስባችኋል። ይህ አንዳንዱን ሰው ያስጨንቀዋል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው ግድ ይሆናል። ሌላው ደስ የሚለኝ፣ ሰዎቹ እንደ ወታደር ወይም ሐኪም ሆነው ተዘጋጅተው አይመጡም። መጥረቢያ ይያዝ፣ ጦር ይያዝ፣ ጋሻ ይያዝ፣ ክህሎቱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

አሁን ሮም። የቤተሰቡ ትልቁና ያማረው እሱ ነው። አባታችሁ ተገድሏል። እናንተም ከከተማዋ ሸሽታችሁ ከጦሩ ጋር ወደ ታናሽ እስያ ትሄዳላችሁ፤ የጰንጦስ መንግሥት ጦርነት ወዳለበት። ከዚያ ሰሜን አፍሪካ፣ ከዚያ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ)። በመጨረሻም ወደ ሮም ትመለሳላችሁ። ዋና ዋናዎቹ ንግግሮች በድምፅ ስለተቀዱ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ይቀላል። ሴት ሆናችሁ ከተጫወታችሁ ደግሞ ሰዎች የሚመልሱላችሁ መልስ ይለወጣል። የሮም ሴት ጦር ስትመራ ምን እንደሚባል ትሰማላችሁ።

ውጊያው ከሦስቱ የሮም ይበልጣል። አራት ዓይነት ተዋጊ አለ። ፕሪንኬፕስ ጋሻ ይዞ ይቆማል። ቬሌስ ፈጣን ነው፣ ከጀርባ ይገባል። ትሪያሪዩስ ጦሩን ከጓደኛው ትከሻ በላይ ይሰዳል፤ የሕክምና ሙያም የሚይዘው እሱ ነው። ሳጊታሪዩስ ቀስተኛ ነው። አንዴ በጠባብ ደረጃ ላይ ሁለት ጋሻ ያዦችን ጎን ለጎን አቁሜ፣ ከኋላቸው ባለ ጦሩን አስቀምጬ፣ በቁጥር የሚበልጠኝን ጠላት ሁሉ እዚያው አስቀረሁት። አንድ ተራ ለማሰብ ሩብ ሰዓት ወሰደብኝ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ያቺን ደረጃ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ስንቁስ? ከቦርሳ ወጥቶ መጋዘን ገብቷል። አሁን የምትመሩት አሥር ሰው ሳይሆን ሌጌዎን፣ ማለትም በሺህ የሚቆጠር የሮም ጦር ነው። አካባቢ ትይዛላችሁ፤ ከተያዘው አካባቢ እህል፣ ቆዳ፣ ብረት ይመጣል። ካምፑ ውስጥ የሕክምና ድንኳንና የጥገና ሥራ ቤት ታሳድጋላችሁ። ባሪያም እንደ እህሉ ሁሉ ቁጥር ሆኖ ይቆጠራል። ይህንን ሳይ ልቤ ይከብዳል፤ ሮም ግን በዚያ ነበር የቆመችው፣ ጌሙም አልደበቀውም። ትልልቆቹ የሌጌዎን ጦርነቶች በገበታ አይካሄዱም። አዛዥ ትመርጣላችሁ፣ የሚቀርቡላችሁን የስልት ካርዶች ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ታያላችሁ። እኔ ይህንን ክፍል አልወደድኩትም። አምስት ጊዜ ካያችሁት በኋላ ያው ነው። ጌሙ ደግሞ 50 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ስለሆነ መሃል ላይ ድካም ይመጣል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ብትሉኝ፣ ስለ ማታው ካምፕ ኮንኪስታዶርን፣ ስለ ውጊያው ሮምን እላለሁ። ቫይኪንግ በመካከላቸው ነው። መካከል ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቢሆንም፣ መንደር እያሳደጉ መሄድ ለሚወድ ሰው ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው።

የታሪክ ጠረን ያላቸው ሁለት

የሚቀጥሉት ሁለቱ እውነተኛ ታሪክ አይደሉም። ግን ስንቅን በሚመለከት ከብዙ የታሪክ ጌም ይበልጣሉ፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ።

«ባነር ሳጋ» በ2014 የወጣ ነው። መልኩ የስካንዲኔቪያ ተረት ነው፤ ቀንድ ያላቸው ግዙፍ ሰዎች፣ ከድንጋይ የተሠሩ ጠላቶች አሉበት። ሥዕሉ በእጅ የተሳለ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያምረኛል። ስደት ነው ታሪኩ። ሕዝብ ሰንደቁን ይዞ በበረዶ ውስጥ ይጓዛል። ቀን ይቆጠራል፣ ስንቅ ያልቃል፣ ሰው ይሞታል።

ሁለት ነገር ልብ በሉለት። አንደኛው ጉልበት ነው። እዚህ ጌም ላይ የአንድ ተዋጊ ሕይወትና የመምታት አቅሙ አንድ ቁጥር ነው። የቆሰለ ሰው ደካማ ይመታል። ተራው ደግሞ የሰው ብዛት ሳያይ አንዱ ከኛ፣ አንዱ ከነሱ እየተባለ ይሄዳል። ስለዚህ ጀማሪ እንደሚያደርገው አንዱን ጠላት እስኪሞት መደብደብ ስህተት ነው። ሦስት ጠላት አቁስላችሁ በሕይወት ብትተዉ እነዚያ ሦስቱ ተራቸውን በከንቱ ይጨርሳሉ። አንዱን ገድላችሁ ሁለቱን ሳትነኩ ከተዋችሁ ግን ጤነኞቹ ቶሎ ቶሎ ተራ ይደርሳቸዋል። ይህ ሲገባኝ ጌሙን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ሁለተኛው ዝና ነው። ጠላት ስትገድሉ ዝና ታገኛላችሁ። በዚያው ዝና ተዋጊያችሁን ታሳድጋላችሁ፤ በዚያው ዝና ለተጓዡ ሕዝብ እህል ትገዛላችሁ። ሁለቱም ከአንድ ኪስ ነው። ጀግናውን ላሳድግ ወይስ ሕዝቡን ላብላ? ይህንን ጥያቄ እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ሌላ ጌም አላየሁም። አጭርም ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል 10 ሰዓት ቢበዛ ነው። ሦስት ክፍል አለው።

«ባትል ብራዘርስ» ደግሞ የጀርመን ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ በ2017 ወጣ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን ይመስላል፤ ግን ሙታን ይነሳሉ፣ ጭራቅ አለ። የቅጥር ተዋጊዎች አለቃ ናችሁ። ገበሬውን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ሌባውን፣ ከቤቱ የተባረረውን የመኳንንት ልጅ ቀጥራችሁ ለማንም ገንዘብ ላለው ትዋጋላችሁ። 20 ሰው ድረስ ትይዛላችሁ፣ 12ቱ ሜዳ ይገባሉ። የቀን አበል ይከፈላል። ምግብ ይበላሻል። ተዋጊ ይደክማል፤ ከባድ ጥሩር የለበሰ ሰው ጥቂት ከተወራወረ በኋላ እጁ ይዝላል። ዓይኑ የጠፋ ሰው ዓይኑ እንደጠፋ ይኖራል።

ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቡድኖቼን በሙሉ አጥቻለሁ። የተጻፈ ታሪክ ብዙ የለውም፤ ታሪኩ በናንተ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ነው። መሸነፍ የሚያናድደው ሰው አይጀምረው። የማያናድደው ደግሞ ዓመት ሙሉ ይጫወተዋል።

ስልክ ብቻ ላለው

ላፕቶፕ የሌለው ብዙ ሰው አለ። ለሱ «ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ» ይሻለዋል። መጀመሪያ በ1997 በፕሌይስቴሽን የወጣ ነው፤ ኋላ በአንድሮይድና በአይፎን መጣ። በ2025 ደግሞ ለፒሲና ለኮንሶል ታድሶ፣ በድምፅ ታጅቦ ወጥቷል። አስማት ያለበት ልብ ወለድ ነው፤ ግን የንግሥና ሽኩቻው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የእንግሊዝ የጽጌረዳዎች ጦርነት የተነሳ ነው። ስንቅ የለውም። ተንኮሉና የቤተ መንግሥት ሴራው ግን ልብ ይሰቅላል። የወደቀ ሰው ሦስት ተራ ይጠበቃል፤ ካልደረሳችሁለት ለዘላለም ሄደ።

በስህተት የሚገዙት

ልጁ በጓደኞቹ የተነገረው ሌላ ዝርዝር ነበረው። «ኪንግደም ካም» ስለ 1403 ቦሄሚያ ነው፣ ግሩም ነው፤ ግን ውጊያው በተራ አይደለም፣ ኮምፒውተሩም ከባድ ካልሆነ አይነሳም። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይ በ2015 ኢትዮጵያውያን ገብተዋል፤ የዮዲት ዘመቻም አለ። እሱ ወረራ ነው፤ እጅ ይፈጥናል። «ሲቪላይዜሽን 6» በተራ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ዳግማዊ ምኒልክን ሆኖ መጫወት ይቻላል፣ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም ይታነጻሉ። እኔ ራሴ ሌሊት ያደርኩበት ነው። ግን እዚያ አገር ናችሁ፤ ሰው አይደላችሁም። ማታ ካምፕ ላይ ቁስለኛ የሚያስታምም የለም።

የኛን ታሪክ ይዞ፣ አንድ ስንቅ አዛዥ ወይም አንድ ባላገር ዘማች አድርጎ የሚያስጫውተን በተራ የሚካሄድ ጌም ቢኖር ከሁሉም በፊት እሱን እመርጥ ነበር። ከሸዋ እስከ ትግራይ ያንን ሁሉ መንገድ፣ ያንን ሁሉ አህያና በቅሎ፣ ደረቅ እንጀራውን፣ ጭኮውን ማሰብ ብቻ ይበቃል። ጌም የሚሠሩ ልጆቻችን ይህንን ካነበቡ አደራ እላለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ። ሮም ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ለቢሮ ሥራ ተብሎ የመጣ ስላሽ ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት። ቫይኪንግም ካርድ ቢኖር ይመርጣል። ኮንኪስታዶር አሮጌ ስለሆነ ይቀላል። ባነር ሳጋና ባትል ብራዘርስ ባለ ሁለት ገጽታ ሥዕል ስለሆኑ ከሁሉም ቀላል ናቸው።

ቀጥሎ መብራት። ካዛንቺስ ስኖር የነበረኝ ዴስክቶፕ ነበር። አንድ ማታ ባትል ብራዘርስ ላይ አንድ ሰዓት የፈጀ ውጊያ ልጨርስ ሁለት ሰው ሲቀር መብራት ሄደ። ባትል ብራዘርስ ውጊያ መሃል ሴቭ አያደርግም፤ ባነር ሳጋም እንደዚሁ። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ካላችሁ ችግር የለም። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል፤ ከሌለ ባነር ሳጋን ውሰዱ፤ አንዱ ውጊያ አጭር ስለሆነ ብዙ አታጡም።

ሦስተኛ፣ ከየት ይገኛል የሚለው። ከተማው ውስጥ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ጌም የሚጭኑ ብዙ ናቸው። እኔም ድሮ ቫይኪንግን እንደዚያ አስጭኜ ነበር። መርከቡ ብሪታንያ ሲደርስ ጌሙ ተዘጋ፤ ደግሞ ከፈትኩት፣ ደግሞ ተዘጋ። የሦስት ሳምንት ልፋቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እየገዛሁ ነው የምጫወተው። ውጭ የሚሠራ የባንክ ካርድ ለሌለው፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በስጦታ ሊልክለት ይችላል። በየወቅቱ ቅናሽ አለ፤ የቆዩት ጌሞች በጣም ይረክሳሉ፣ ትንሽ መታገሥ ያዋጣል።

ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ስለዚህ እንደገዛችሁ መጀመሪያ ከባዱን ነገር ፈትሹ፦ አንድ ውጊያ ግቡ፣ ላፕቶፑ ሲሞቅና ሲንተፋተፍ እዩ። ጂኦጂ የሚባለው ሌላ መደብር ላይ ከገዛችሁ ደግሞ መጫኛውን በፍላሽ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኔትወርክ አይጠይቃችሁም፣ ሁለተኛ ጊዜ ፓኬጅ አይበላባችሁም። ባነር ሳጋና ባትል ብራዘርስ እዚያ አሉ።

አማርኛ ያለው የለም። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ባትል ብራዘርስ ትንሽ ንባብ ነው ያለው፤ ሮም ይደመጣል። ኮንኪስታዶርና ቫይኪንግ መዝገበ ቃላት አጠገብ ይፈልጋሉ። የእህቴ ልጅ ይህንን ሲሰማ፣ «እንዲያውም ይጠቅመኛል» አለ።

ለሱ ኮንኪስታዶርን መረጥኩለት። ላፕቶፑ ካርድ የለውም፣ ማንበብ ይወዳል፣ ጊዜም አለው። ሁለት ሐኪም እንዲይዝ ነገርኩት። ሂሳብ ከፍለን፣ በጊዮርጊስ በኩል ወርደን ታክሲ አሳፈርኩት።

ማክሰኞ ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ድምፁ የእውነት ሰው የቆሰለበት ይመስላል።

«ጋሼ፣ የቆሰሉብኝ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሐኪሙ ራሱ ነው። መድኃኒት ያለኝ ለሁለት ሰው ነው። ማንን ልተው?»

«ሁለት ሐኪም ያዝ አላልኩህም?»

«ሁለተኛውን ትቼ አዳኝ ጨመርኩ።»

«እንግዲያው ሐኪሙን አስቀድም። ከዚያ ሁለት ቀን እዚያው ስፈር፤ ማንንም ወደ ውጊያ አትውሰድ።»

ትንሽ ዝም አለ። ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል፤ ለካ በደብተር እየመዘገበ ነው።

«ሁለት ቀን ከሰፈርኩ ስንቁስ?»